በልጄ ራስ ላይ ያረፈው መንጋ

ነርስ ነኝ። ንፋስ መውጫ ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ደም አይቼ አልደነግጥም። ምጥ የያዛት ሴት እጄን ጨምድዳ ስትጮኽ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማረጋጋት አውቅበታለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ሲታመም ጎበዝ ነኝ። የራሴ ልጅ ስትሆን ግን ያ ሁሉ ጉብዝና የት እንደሚገባ እንጃ።

ህሊና የተወለደችው ከጊዜዋ ቀድማ ነው። ሁለቱ መዳፎቼ ላይ ተኝታ ቦታ ይተርፍ ነበር። ቆዳዋን ከቆዳዬ አጣብቄ፣ ቀንም ሌሊትም ደረቴ ላይ አስተኝቼ ነው ነፍስ የዘራችልኝ። ካደገችም በኋላ ደረቷ ደካማ ሆነ። ብርድ ሲነካት ታስላለች። ከተማችን ደግሞ ስሟ እንደሚናገረው ንፋስ የማያርፍባት ናት። ስለዚህ በሩን ዘጋሁባት። ሹራብ በሹራብ ላይ ደራርቤ አለብሳታለሁ። ጭቃ አትነካም፣ ሣር ላይ አትቀመጥም፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር አትሯሯጥም። ባለቤቴ ጌትነት ደብረ ታቦር መምህር ስለሆነ የሚመጣው ለቅዳሜና እሁድ ነው። በመጣ ቁጥር "የሺ፣ ይቺ ልጅ እኮ እንቁላል አይደለችም" ይለኛል። እኔም "አንተ ሌሊት ስታስል አልሰማሃትም" ብዬ አፉን አስዘጋዋለሁ።

አምስት ዓመቷን ልትደፍን ስትቃረብ ለልደቷ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አይታ ኖሯል። አዲስ አበባ ነው፤ አዳራሹ በፕላስቲክ ቅጠል ተሸፍኗል፣ በየጥጉ የአንበሳና የቀጭኔ ምስል ቆሟል፣ ልጆቹ የቢራቢሮ ክንፍ ለብሰዋል።

"የጫካ ልደት" አለችኝ ቁርጥ አድርጋ።

ደስ አለኝ። አዳራሽ ማለት ጣራና ግድግዳ ያለው፣ ንፋስ የማይገባበት ነገር ነው። ሳሎናችንን በቅጠል አስጌጣለሁ ብዬ ከባህር ዳር የፕላስቲክ ቅጠል የሚልክልኝ ሰው ማፈላለግ ጀመርኩ። ይህን ለአማቴ ለእሜቴ ፈንታነሽ ስነግራቸው መጀመሪያ የምቀልድ መስሏቸው ነበር።

"ቅጠል? ከባህር ዳር? የሺ፣ ልጄ፣ ጋይንት ቅጠል ጠፋ እንዴ?"

"ጌጥ ነው እኮ እሜቴ፤ ለልደቷ።"

"ልደት እንኳ የጌታ ነው" አሉ፤ "ግን ካላችሁ አይቀር እኔ ግቢ ይሁን። ዛፍ አለኝ። ሣር አለኝ። ወርኀ ጽጌ ነው፣ አበባው መስኩን ሞልቶታል። ጫካ ከፈለገች ጫካው እዚሁ አለላት።"

እሜቴ ፈንታነሽ የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ የገብሱ ማሳ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ግቢያቸው መሐል ትልቅ የኮሶ ዛፍ አለ። ከጓሮው አጥር ሥር ደግሞ ሟቹ ባላቸው የተዉላቸው የንብ ቀፎዎች ተደርድረዋል። ብርዱን አነሳሁባቸው፤ ፀሐይ ላይ እናደርገዋለን አሉኝ። ንቦቹን አነሳሁባቸው።

"ንቦቹ ጓሮ ናቸው። ስንት ዘመን አብረውኝ ኖሩ፤ የሚቆጡት ማራቸው ሲቆረጥባቸው ነው።"

ህሊና በመሐላችን ቆማ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። እንደዚያ ዓይነት ልመና ያለበት ዓይን አይቼ እንቢ ማለት አቃተኝ።

የልደቷ ዕለት ቅዳሜ ነበር። ጌትነት ከደብረ ታቦር ኬክ ይዞ ሊመጣ ተስማምተን ነበር። ጠዋት ደወለና መንገዱ እንደተዘጋ፣ መኪና እንደማይንቀሳቀስ ነገረኝ። በእኛ አገር በዚህ ዘመን መንገድ ለምን ተዘጋ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሲከፈት ይሄዳሉ። የእኔ ጭንቀት ለህሊና እንዴት ብዬ እነግራታለሁ የሚለው ነበር። ጎንበስ ብዬ፣ ፀጉሯን እየዳበስኩ፣ ኬኩ እንደቀረ ነገርኳት።

ትንሽ አሰበችና "ጫካ ውስጥ ኬክ አለ እንዴ?" አለችኝ።

በኬኩ ፋንታ እሜቴ ፈንታነሽ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በትልቅ ሰፌድ ላይ አድርገን ዙሪያውን በአደይ አበባ ከበብነው። ፊኛ ለመስቀል ሞክሬ ነበር፤ ንፋሱ አንዱን ከእጄ ነጥቆ ገብስ ውስጥ ሲያፈነዳው ተውኩት። ለልጆቹ በየጣሳው ብርዝ ቀዳን። አያትና የልጅ ልጅ ደግሞ ኮሶው ሥር ቁጭ ብለው የአበባ አክሊል ሠሩ። አደይ አበባ፣ ጦስኝ፣ በመሐሉ ደግሞ እሜቴ ፈንታነሽ እስቴ ያለ ዘመዳቸው ያመጣላቸውን ጠጅ ሣር እየጎነጎኑ አጠንክረው አሰሩት። አክሊሉን ስትደፋው ሽታው እኔ ድረስ መጣ። ሹራቧን ላለብሳት ስል "ዛፍ ሹራብ አይለብስም" ብላ ሸሸችኝ። አያቷ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ከሰዓት በኋላ የመዋዕለ ሕፃናት ጓደኞቿ ከአስተማሪያቸው ከሙሉ ጋር መጡ። ሙሉ ገና ወጣት ናት፤ ልጆቹ ቲቸር ሙሉ ይሏታል። ለእያንዳንዳቸው ከገለባ ጭራ፣ ከቅጠል ጆሮ ሠርታላቸው ነበር። ግቢው በጦጣና በጥንቸል ተሞላ። ሙሉ "ንፋስና ዛፍ" የሚባል ጨዋታ አጫወተቻቸው። "ንፋስ መጣ!" ስትል እጃቸውን ዘርግተው ይወዛወዛሉ፤ "ንፋስ ቆመ!" ስትል ባሉበት ፀጥ ይላሉ። ህሊናም ተጫወተች። ጉንጯ ቀላ፣ ጫማዋ ጭቃ ሆነ። እኔ ብርዝ እየቀዳሁ ብታስል ብዬ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር።

ከዚያ ዳቦው ሊቆረስ ሆነ። ህሊና ዝቅ ያለች አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ ኮሶው ሥር ቆመች። ልጆቹ መዝሙር ጀመሩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ባጃጅ መሰለኝ። ሩቅ መንገድ ላይ ያለ ባጃጅ። ነገር ግን ድምፁ የመጣው ከላይ ነው። ቀና ስል ከቤቱ ጣራ በላይ እንደ ጢስ የሚጥመለመል ጥቁር ነገር አየሁ።

"ማንም እንዳይሮጥ" አሉ እሜቴ ፈንታነሽ። አልጮሁም። ባለመጮሃቸው ነው የባሰ የደነገጥኩት።

የንብ መንጋ ነበር። ከእሳቸው ቀፎ ይውጣ ከሌላ ቦታ ይምጣ እስከዛሬ አናውቅም። በዚያ ወራት ቀፎ ሲሞላ ግማሹ ንብ አውራውን፣ ንግሥቲቱን፣ ተከትሎ አዲስ ቤት ፍለጋ ይሰደዳል። መንጋው ኮሶውን ሁለት ሦስቴ ዞረው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈ መሰለ። ወዲያው ተነሣና ዝቅ አለ።

ልጄ አክሊል ላይ አረፈ።

ጥቂት መጡ፣ ከዚያ ብዙ መጡ፣ ከዚያ ቢጫው አበባ አልታይ አለ። ከአክሊሉ ወደ ትከሻዋ ወረዱ፣ በአንድ ወገን እስከ ክርኗ እየተንጠላጠሉ። ፊቷ ብቻ ቀረ። ግንባሯ ላይ ሳይቀር ይራመዳሉ።

ልሮጥ ስል እሜቴ ፈንታነሽ ነጠላዬን ከኋላ ጨብጠው ያዙኝ። "ከሮጥሽባት ያልቅላታል" አሉ በጆሮዬ።

ልጆቹ መዝሙራቸውን አቁመው አፍጥጠዋል። አንዱ ለማልቀስ ከንፈሩን ጣለ። አንድ ልጅ ጮኾ ቢሮጥ ሁሉም ይከተላሉ፣ ንቡም ይቆጣል። ያኔ ሙሉ በቀስታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ "ልጆች፣ ንፋስ ቆመ" አለች።

ሁሉም ባሉበት ደረቁ።

"ጎበዞች። አሁን ዛፎቹ ሁሉ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ቤት ይገባሉ።"

"ቲቸር፣ ዛፍ ይሄዳል እንዴ?" አለ ከንፈሩን የጣለው ልጅ።

"ዛሬ ይሄዳል።"

የገለባ ጭራቸውን እየጎተቱ፣ እጃቸውን እንደ ቅርንጫፍ ዘርግተው፣ በሰልፍ ገቡ። ሙሉ እያንዳንዱን ራሱን እየነካች ቆጠረች። የመጨረሻውን ልጅ አስገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ያቺን ልጅ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አከብራታለሁ።

ግቢው ውስጥ ሦስታችን ቀረን።

ነርስ መሆን እንደዚያን ጊዜ ጠልቼ አላውቅም። ንብ ሲነድፈው ጉሮሮው አብጦ እስትንፋስ የሚያጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ህሊና ተነድፋ ስለማታውቅ ከየትኛው ወገን እንደሆነች አላውቅም። መድኃኒቱ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። በዚያ ላይ አንድ ንብ አይደለም፤ መንጋ ነው።

"እሜቴ፣ ምን እናድርግ? እርስዎ ያውቁበታል አይደል?"

ፊታቸውን ሳየው አመድ መስሏል። "አባትሽ ነበሩ የሚያውቁት" አሉ ሟቹን ባላቸውን። "እኔ ጢስ ነበር የምይዝላቸው። ከዛፍ ሲያወርዱ አይቻለሁ። ከሰው... ከሰው ሲወርድ አላየሁም።" ቆም አሉና አክሊሉን አዩ። "ወይኔ ልጄን! ጠጅ ሣሩ! ንብ እንዲገባ ቀፎ የሚታሽበትን ሣር ነው ራሷ ላይ ያሰርኩት!"

የሚያውቅ ሰው እንጥራ ብንል እስኪመጣ ማን ይቆማል? እንደዚያ ስናንሾካሹክ ነው ህሊና የተናገረችው። ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ፣ በትንሽ ድምፅ።

"እማ፣ ከባዶች ናቸው።"

ጠጋ አልኳት። በየት በኩል እንደመጣ ሳላውቅ የሥራ ቦታ ድምፄ ከውስጤ ወጣ።

"የኔ እናት፣ እዚህ ነኝ። ያምሻል?"

"አያመኝም። ይኮረኩሩኛል። ምን ፈልገው ነው?"

"ቤት ፍለጋ ነው። ቤት ጠፍቷቸው ነው።"

"ታዲያ ለምን አንሰጣቸውም?" አለች።

እሜቴ ፈንታነሽና እኔ ተያየን። ከቤቱ ጀርባ ባዶ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ከሸምበቆ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የተለቀለቀ። እሳቸው ሄደው አመጡት። የተረፈውን ጠጅ ሣር አፉ ውስጥ አሹበት። ንብ ጨለማና ከፍታ ይወዳል፣ ከበላይዋ ብንደፋው ወደ ላይ ይሄድ ይሆናል አሉ። "ይሆናል" ነው ያሉት። ጢስ መያዝ የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ ቀፎውን እኔ ተቀበልኩ። ከልጄ ጎን አግዳሚው ላይ ወጥቼ አፉን ወደ ታች ደፍቼ ከአክሊሏ በላይ ያዝኩት። ከታች እሳቸው ኩበት አጭሰው ጢሱን በቀስታ ወደ እሷ አደረጉ።

ጢሱ ፊቷ ሲደርስ ደረቷ ከፍ አለ።

"እማ፣ ሳል መጣብኝ።"

ያን ሳል ስንት ሌሊት ፈርቼዋለሁ! እንደዚያች ደቂቃ ግን ፈርቼው አላውቅም። "ምራቅሽን ዋጪ፣ የኔ ቆንጆ። ደግሞ ዋጪ። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። አብረን፤ እኔም እተነፍሳለሁ።" እሜቴ ፈንታነሽ ኩበቱን ወዲያ አርቀው በእርጥብ ሣር አፈኑት። ልጄ ትውጣለች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ጉሮሮዋ ይንቀጠቀጣል። ዋጠችው። ሳሉን ዋጠችው!

ጢሱ ከቀረ የቀረን መጠበቅ ነው። ክንዴ ዛለ። ንቦቹ በእጄ አንጓ ላይ ይመላለሱ ጀመር። አንዱ ነደፈኝ፤ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ ህሊና "ኡህ" አለች።

"ምንድን ነው?"

"ጆሮዬን።"

እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ፤ አንዲት ንብ እንባውን ተሻግራ አለፈች። ልጄ እጇን አላነሣችም። ራሷን አልነቀነቀችም። የአምስት ዓመት ሕፃን ናት! ሐኪም ቤት መርፌ ስትወጋ አራት ሰው የሚይዛት ልጅ ናት። እኔ ዓይን ዓይኗን አያለሁ፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ይሆን እንደሆን፣ ድምፅዋ ይጎረንን እንደሆን።

"አናግሪኝ ህሊናዬ። ዝም አትበይ።"

"እምዬ ታለቅሳለች" አለች። እውነትም አያቷ ከፊቷ ተንበርክከው፣ በልባቸው ማርያምን እየጠሩ ያለቅሳሉ። "እምዬ፣ አታልቅሺ። አንዱ ብቻ ነው የነደፈኝ። እሱ ፈርቶ ነው።"

እንደዚህ ያለ ቃል ከየት አመጣችው? ልጄን ያን ዕለት ገና አወቅኋት ብል አላጋነንኩም።

ድንገት በቀፎው አፍ ዙሪያ ያሉት ንቦች ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዞሩ። ክንፋቸውን እያራገቡ ቆሙ፤ ከሥራቸው ያሉት በላያቸው ላይ ተራመዱ። እሜቴ ፈንታነሽ ከተንበረከኩበት ቀና አሉ። "አውራው ገባ" አሉ በሹክሹክታ፤ "አውራው ገባ የሺ፤ እንዳትነቃነቂ!" ከክርኗ ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ አክሊሉ፣ ከአክሊሉ ወደ ቀፎው፣ ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገቡ እንደሚጋፉት እየተጋፉ ወጡ። መጀመሪያ ክንዷ ታየ። ከዚያ አንገቷ። ከዚያ የተጨማደደው አደይ አበባ።

እሜቴ ፈንታነሽ አክሊሉን በሁለት ጣት አንሥተው ከነቀሩት ንቦች ሣሩ ላይ አኖሩት። እኔ ቀፎውን አቀበልኳቸው። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ ልጄን አቅፌ ቤቱ ውስጥ ገባሁ።

እዚያ ሁለተኛው ጭንቀት ጀመረ። የንቡን መንደፊያ ከጆሮዋ በጥፍሬ ገፍቼ አወጣሁት። አፏን ከፍቼ ጉሮሮዋን አየሁ፣ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፣ የደም ሥሯን ያዝኩ፣ ደግሜ አዳመጥኩ። ሙሉ ባጃጅ ጠርታ በር ላይ አስቁማልኛለች። ጆሮዋ ቀላ፣ ትንሽ አበጠ። ሌላው ነገር ሳይመጣ ቀረ። የማውቀው የአደጋ ጊዜ አለፈ፤ ደረቷ ጥርት ብሎ ይተነፍሳል። ከዚያ ሳለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ ልቧ። በሳሏ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ መጣብኝ። እየሳቅሁም እያለቀስኩም ነበር።

ህሊና ከጉልበቴ ላይ ሆና ዙሪያዋን አየች። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው እጃቸውን ዘርግተው እስካሁን ዛፍ ናቸው።

"ዳቦዬስ?" አለች።

ዳቦው ቤት ውስጥ ተቆረሰ። ባለ ባጃጁም ገብቶ በላ። እሜቴ ፈንታነሽ የጽጌን ጾም ስለሚጾሙ፣ ዳቦው ደግሞ ወተት ስለገባበት፣ እንጀራቸውን በሹሮ በልተው፣ ቀፎውን ኮሶው ላይ አሰቅለው፣ "ይሄ የህሊና ነው" ብለው ለሁላችንም አወጁ። ንብ የገባበት ቤት ይባረካል ይባላል።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስጽፍላችሁ ልጆቻችሁን ከንብ መንጋ ሥር አቁሟቸው እያልኩ አይደለም። ያ ቀን በሌላ መንገድ ሊያልቅ ይችል እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የአበባ አክሊል ስትሠሩ በቀፎ አጠገብ ከሆነ ጠጅ ሣር አትጨምሩበት፤ ይህችን ምክር እንደ ባለሙያም እንደ እናትም ውሰዱልኝ። ነገር ግን እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ስጠብቃት የኖርኩት ልጅ ሌላ፣ አግዳሚዋ ላይ የቆመችው ልጅ ሌላ ሆና አገኘኋት። እኔ የማውቀው ሳሏን ነበር፤ ክብደቷን ነበር። ትዕግሥቷን፣ ለአያቷ ማዘኗን፣ ለነደፋት ንብ እንኳ ምክንያት መፈለጓን አላውቅም ነበር። ልጅን እየጠበቁ ልጅን ሳያዩ መኖር ይቻላል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አያቷ ዘንድ ትውላለች። ሹራቧን ስትለብስ ትለብሳለች፣ ስታወልቅ ታወልቃለች። እኔ አሁንም እሰጋለሁ፤ ስጋት በአንድ ቀን አይወጣም። በሩን ግን እከፍታለሁ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ቤታችን ከገባን በኋላ፣ ጌትነት ደወለ። ነገሩን ከእኔ እንደሰማ "ስጪኝ ልስማት" አለ። ህሊና ስልኩን ካልተነደፈው ጆሮዋ ጋር አደረገች።

"አባ፣ ለንቦቹ ቤት ሰጠናቸው" አለችው። ጥያቄውን አዳመጠች። "አዎ፣ ብዙ ናቸው። አይ፣ አልፈራሁም።" እንደገና አዳመጠች፤ ለምን አልፈራሽም ብሏት መሆን አለበት።

"እማ አልፈራችማ" አለችው። "እሷን ሳያት ምንም አልፈራችም። ስለዚህ እኔም አልፈራሁም።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አላረምኳትም።